አርባ ዘጠነኛዋ

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤቴ የጡረታ መሸኛ ምሳ አዘጋጅቶልኝ ነበር። ኬክ አለ፣ ሁሉም የፈረመበት ካርድ አለ፣ የአለቃዬ ንግግር አለ። አብራን የምትሠራ አንዲት የሐበሻ ልጅ አለች፤ ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ደስ የሚል፣ አንቱታው ግን ከአፏ የሚያመልጣት። ሰዉ አጨብጭቦ ሲበተን ጠጋ አለችና «ጋሼ፣ ግን ይሄን ሁሉ ዓመት ሠርተህ ለምንድነው አለቃ ያልሆንከው?» አለችኝ። በክፋት አይደለም። ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«ኬክሽን ብዪ» ብዬ አለፍኳት። ቤት ገብቼ ግን ጥያቄው አላስተኛኝም።

ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። ለእናንተም ነው፤ ስልካችሁን በከፈታችሁ ቁጥር የእኩያችሁን ሹመት፣ የእኩያችሁን መኪና፣ የእኩያችሁን «ተመስገን፣ አዲስ ምዕራፍ» ለምታዩት። ሽማግሌ ሲመክር ያረዝማል፤ ቡና አፍሉና አንብቡ። ዓመተ ምሕረቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በራሴ ታሪክ ብጀምር ትተኛላችሁ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ጸጉሬ የሸበተው የሰው ደረሰኝ ስደምር ነው። ስለዚህ ስለ አንዲት የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ልንገራችሁ። ኤሌና ባልታቻ ትባላለች። አታውቋትም? እዚህ እንግሊዝ አገርም ቴኒስ የማይከታተል ሰው አያውቃትም። የመረጥኳትም ለዚሁ ነው።

ወጣት ሲመከር ሁልጊዜ የሚጠራለት የአንደኛው ስም ነው። እዚህ አገር ቴኒስ ሲነሣ የኤማ ራዱካኑ ታሪክ ይነገራል። 2021 ላይ በዓለም 150ኛ ሆና፣ በማጣሪያ ገብታ፣ በ18 ዓመቷ የአሜሪካ ኦፕንን የወሰደችው ልጅ። ከቨርጂኒያ ዌድ የ1977 የዊምብልደን ድል በኋላ በነጠላ ግራንድ ስላም (ዊምብልደንና አሜሪካ ኦፕን ካሉባቸው ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን) ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ብሪታንያዊት እሷ ናት። እኔም ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ጮኬያለሁ፤ ባለቤቴ ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጋች። ግን ከዚያ ታሪክ ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ የምትጠቀሙበት ምን አለ? ሎተሪ የደረሰውን ሰው ስለ ቁጠባ እንደመጠየቅ ነው። (ኤማን ማሳነሴ አይደለም፤ ልጅቷ ለፍታለች። ግን እንደ እሷ የለፉ ስንት አሉ!)

እና እኔ ከአርባ ዘጠነኛዋ፣ በዓለም 49ኛ ድረስ ከደረሰችው ከኤሌና ተማሩ ባይ ነኝ።

ከቴኒስ ጋር ያስተዋወቀኝ ሳህን ነው። ለንደን በመጣሁባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀን አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ መዝገብ እይዛለሁ፣ ማታ ለሙያ ፈተና አጠናለሁ። ሰመር ሲመጣ የሁለት ሳምንት ፈቃዴን ወስጄ ዊምብልደን ሳህን ሰብሳቢ ሆኜ እገባለሁ። ፈቃድ ወስዶ ሌላ ሥራ መሥራት፣ ስደተኛ ዕረፍት የሚለው እሱን ነው። ትንሽ ፋታ ስናገኝ ወጣ ብለን ዳር ዳር ካሉት ትንንሽ ሜዳዎች አጠገብ እንቆማለን። በትልቁ ስታዲየም ተጫዋች ከሩቅ የምትታይ ነጭ ነገር ናት። ዳር ባለው ሜዳ ግን ከእናንተ ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ናት። ኳሷ ሣሩ ላይ ስታርፍ ድፍን ያለ ድምፅ አላት። ትንፋሿ ይሰማል። በራሷ ቋንቋ ራሷን ስትሳደብም ይሰማል፤ ቋንቋውን ባታውቁትም ስድብ መሆኑ አይጠፋችሁም።

2002 ላይ ሳህን አጣቢው ሳይቀር ስለ አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ያወራ ነበር። ደረጃዋ ሳይደርስ በልዩ ግብዣ የገባች፣ ሦስተኛ ዙር የደረሰች። እሷ ነበረች ኤሌና።

የተወለደችው 1983 ኪየቭ ነው። አባቷ ሰርጌይ ባልታቻ ለዲናሞ ኪየቭና ለሶቭየት ኅብረት ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ ተከላካይ ነው። እናቷም አትሌት ነበረች። የበርሊን ግንብ ሊፈርስ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ አባትየው ወደ እንግሊዙ ኢፕስዊች ታውን ተዛወረና ቤተሰቡ ተከትሎት መጣ። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ደግሞ ወደ ስኮትላንድ፣ ፐርዝ ከተማ። ወንድሟም እንደ አባቱ እግር ኳስ ያዘ፤ እሷ ራኬት።

እንግዲህ 18 ዓመት፣ ዊምብልደን፣ ሦስተኛ ዙር። ጋዜጣው «የነገዋ ኮከብ» ሊላት እርሳሱን አሹሏል። በ19 ዓመቷ የጉበት በሽታ ተገኘባት። የበሽታው ስም ፕራይመሪ ስክለሮሲንግ ኮላንጃይቲስ ይባላል፤ ለመጻፍ ራሱ ትንፋሽ ያስጨርሳል። ሐሞት የሚያልፍባቸውን ቱቦዎች እያቆሰለ የሚያጠብብ ነው። ሰውን ያደክማል። ሥራዋ ደግሞ መሮጥ ነው!

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ተጫወተች።

ይህችን አንዲት አረፍተ ነገር በችኮላ አትለፏት። አሥር ዓመት ማለት በቴኒስ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ነገሩ የገባኝ እኔም ሒሳቡን ከሠራሁት በኋላ ነው።

መጀመሪያ ደረጃው። የሴቶች ቴኒስ ማኅበር የሚቆጥረው የመጨረሻዎቹን 52 ሳምንታት ነጥብ ነው። አምና በዚህ ሳምንት ያገኛችሁት ነጥብ ዘንድሮ በዚሁ ሳምንት ይሰረዛል። ካልተካችሁት ትወርዳላችሁ። ምንም ሳታጠፉ! ተኝታችሁ ከሆነ፣ ታማችሁ ከሆነ፣ ጉልበታችሁ ተቀዶ ከሆነ፣ ቁጥሩ አያዝንም። ቀዳዳ እንስራ እየሞሉ መኖር ነው። እኛ ቢሮ ተቀምጠን አምና የሠራነውን እያነሣን ዘንድሮም እንመሰገንበታለን፤ እኔ አንድ የኦዲት ሥራ ሰባት ዓመት አውርቼበታለሁ። ቴኒስ ተጫዋች ይህ የላትም።

ቀጥሎ ገንዘቡ። ሰው ቴኒስ ሲባል የሚያስበው ዊምብልደንን ነው። 2025 ላይ ዊምብልደን በመጀመሪያው ዙር ለተሸነፈ ተጫዋች 66,000 ፓውንድ ከፍሏል። ተሸንፎ! ግን ከታች ያለው ዓለም ሌላ ነው። የሙያው ዝቅተኛ እርከን የሽልማቱ ጠቅላላ ድምር 15,000 ዶላር የሆነ ውድድር ነው። እዚያ ሳምንቱን ሙሉ ተጫውታችሁ ዋንጫውን ብትወስዱ 2,352 ዶላር። በመጀመሪያው ዙር ብትወድቁ 147 ዶላር። ከዚያ ላይ ግብር፣ አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ ምግብ፣ የራኬት ገመድ። ገመድ ይበጠሳል፤ አዲስ ማስወጠር ደግሞ ገንዘብ ነው። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን በ2013 ሒሳብ ላይ ተመሥርቶ አጥንቶ ነበር፤ አንዲት ሴት ተጫዋች ወጪዋን ብቻ ለመሸፈን በነጠላ ደረጃዋ ቢያንስ 253ኛ ገደማ መሆን ነበረባት። ልብ በሉ፣ የአሰልጣኝ ደመወዝ አልተጨመረም። በዓለም ላይ 253ኛዋ የልብ ቀዶ ሐኪም ብትሆኑ ቪላ ይኖራችሁ ነበር። 253ኛዋ ቴኒስ ተጫዋች ግን ያኔ ሒሳቧ ዜሮ ነበር፤ 300ኛዋ ከእናቷ ትበደር ነበር።

አንድ ጊዜ ሮሃምተን ሄጄ ነበር። የዊምብልደን ማጣሪያ የሚካሄድበት ሜዳ ነው፤ ያኔ መግቢያው በነጻ ነበር፣ ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ሳንድዊቹን እየበላ ያያል። ዋናው ውድድር 128 ሴቶች ይይዛል፤ ከማጣሪያ የሚገባ ሰው ሦስት ጊዜ በተከታታይ ማሸነፍ አለበት። አንዲት ልጅ የመጀመሪያውን ተሸንፋ ከሜዳ ስትወጣ አየሁ። ፎጣዋን ራሷ አጣጠፈች። የቀረውን ሙዝ በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ አስገባች። ከዚያ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ስልክ ደወለች። ለእናቷ ወይም ለፍቅረኛዋ መስሎኝ ነበር። ለካ ለአየር መንገድ ነው! ትኬቷን ለመቀየር። በሰው ጉዳይ መግባት ነውር ነው፣ ግን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ጆሮዬ ከገንዘብ ወሬ አይነቀልም። ለመቀየር የሚጠየቀው ክፍያ ከትኬቱ ይበልጣል አሏት። እሷም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋች። አላለቀሰችም። ትንሽ ቆይታ ሙዙን አውጥታ በላችው።

ያኔ ነው የዚህ ሙያ እውነተኛ ችግር የገባኝ። መቼ ወደ ቤት እንደምትመለሱ አታውቁም። ካሸነፋችሁ እሑድ፣ ከተሸነፋችሁ ማክሰኞ። ርካሹን ትኬት ብትገዙ ይቃጠላል፣ የሚቀየረውን ብትገዙ ውድ ነው። ማክሰኞ የሚመልሰውን አስቀድማችሁ ብትቆርጡ ደግሞ እንደምትሸነፉ አምናችሁ ሜዳ ገባችሁ ማለት ነው። እስቲ ይህን በየሳምንቱ አስቡት። ሠላሳ ሳምንት። በየዓመቱ።

እናንተም አሁን አንድ ነገር ጀምራችኋል፤ ሙዚቃ ነው፣ ሱቅ ነው፣ ትምህርት ነው፣ አላውቅም። «ሕልምህን ተከተል» የሚላችሁ ብዙ ነው። እኔ የምላችሁ 253ታችሁን እወቁ ነው። ያ ሥራ ኪሳችሁን ሳያራቁት ሊያኖራችሁ የሚችለው የት ሲደርስ ነው? ስንት ዓመት መጠበቅ ትችላላችሁ? በማን ገንዘብ? ወረቀት ላይ ጻፉት። ሕልም በቁጥር ሲጻፍ አይሞትም፤ የሚሞት ከሆነም በሃያ አራት ዓመት መሞቱ በአርባ ዓመት ከመሞቱ ይሻላል።

ስለ ልዩ ግብዣው አንድ ነገር ልበል። እንግሊዞቹ ለአገራቸው ልጆች ዊምብልደን ላይ ደረጃ ሳይጠይቁ ጥቂት ቦታ ይሰጣሉ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ በዚህ ጉዳይ ክርክር ይነሣል። «በዓመት አንዴ ብቅ ብለው፣ ተሸንፈው፣ ቼካቸውን ይዘው ይሄዳሉ» ይላል ጋዜጣው። እኛ አገር ቋንቋ ዘመድ አስገባቸው ማለት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በር የከፈተላችሁ ሰው ካለ ግቡ። እኔም የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ለአለቃው ነግሮልኝ ነው። ዋናው ነገር መዝገቡን አለማጭበርበር ነው፤ በሰው በር የገባችሁትን በራሳችሁ ጉልበት ከገባችሁት ጋር አንድ ዓምድ ውስጥ አትደምሩ። ኤሌና በ18 ዓመቷ በግብዣ ገባች። ከዚያ በኋላ በሕመሙና በጀርባ ጉዳት ደረጃዋ ደጋግሞ ቢንኮታኮትም፣ ማንም የማያያቸውን ትንንሽ ውድድሮች እየዞረች በተጫዋችነት ዘመኗ በጠቅላላ 11 የነጠላ ዋንጫ ሰበሰበች። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ወደ እኔ ኩርፊያ ልምጣ።

2008 ላይ የክፍላችን ኃላፊ ለቀቀ። ቦታው የኔ ነው ብዬ ነበር፤ ባለቤቴም ለእህቷ ነግራለች። የተሰጠው ግን እኔው ላሠለጠንኩት ልጅ ነው። ደረሰኝ አያያዝ ያስተማርኩት ልጅ «እስከ ዓርብ ድረስ ብታስረክበኝ» ይለኝ ጀመር። አኮረፍኩ። ኩርፊያዬ ደግሞ የሐበሻ ኩርፊያ ነው፤ «ምንም አልሆንኩም» እያሉ ሁለት ዓመት ማኩረፍ። ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ አንድ ደቂቃ አልቆይም። አዲስ ሠራተኛ ሲጠይቀኝ «መመሪያው ላይ አለ» እለዋለሁ። ማንንም አልጎዳሁም፣ ራሴን በቀር። ማለትም ይመስለኝ ነበር፤ ያ መመሪያው ላይ አለ ያልኩት ልጅ በሦስተኛው ወር ለቀቀ።

በዚህ መሀል 2010 ሰኔ መጣ። ያን ዓመት ዊምብልደን ላይ የብሪታንያ ሴቶች አንዲትም ሳትቀር በመጀመሪያው ዙር ወጡ። በነጠላ ሁለተኛ ዙር ያለፈ ብሪታንያዊ፣ ከወንዶቹ፣ አንዲ መሪ የሚባለው ተጫዋች ብቻ። ኤሌና ያኔ የአገሪቱ አንደኛ ነበረች፤ ከክሮኤሺያዋ ፔትራ ማርቲች ጋር ስትጫወት መጀመሪያ መርታ፣ ሊያልቅ ሲል እጇ ላይ ያለውን አፈሰሰችው። የጋዜጣውን ፌዝ አትጠይቁኝ። እኔም አብሬ አፌዝኩ። ያኮረፈ ሰው የሌላ ሰው ውድቀት ይጣፍጠዋል። ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ ይሄው ነው።

መስከረም ላይ ምሳዬን እየበላሁ የስፖርት ገጹ ጥግ ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን የደረጃ ሰንጠረዥ አየሁ። 49 ባልታቻ። ሰኔ ላይ መሣቂያ የነበረችው ልጅ። የ27 ዓመት ልጅ፣ የታመመ ጉበት ያላት፣ በዓለም ላይ ከእሷ የሚበልጡ 48 ሴቶች ብቻ። ደረጃ ያላቸው ሴቶች ከሺህ በላይ ናቸው፤ ደረጃ የሌላቸውንማ ማን ይቆጥራቸዋል! ሳንድዊቼን አስቀምጬ ቢሮውን ዞሬ አየሁት። እኛ ስንተኛ ነን? ሒሳብ ሠራተኛ በደረጃ ቢዘረዘር እኔ በለንደን ስንተኛ እሆን ነበር? አርባ ሺኛ? እግዚአብሔር ይመስገን አንዘረዘርም።

ዜናው ግን የትም አልነበረም። ሰኔ ላይ ስትወድቅ ሙሉ ገጽ፣ መስከረም ላይ ስትነሣ አንዲት መስመር። ይህን ያዙልኝ። ስለ እናንተ የሚወራው የሚወራበት ጊዜና እናንተ የምትሠሩበት ጊዜ አይገናኙም። ሰው የሚያያችሁ በሰኔ ነው።

የዘመን እኩያዋ ብሪታንያዊት ተጫዋች አን ኪዮታቮንግም እንደዚሁ ናት። ከላኦስ የመጡ ወላጆች ልጅ፣ ሐክኒ ያደገች፤ ሐክኒን የምታውቁ የለንደን ልጆች ቴኒስ የሚበቅልበት ሰፈር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። 2009 የካቲት ላይ 48ኛ ሆነች፤ ከ1993 ወዲህ ሃምሳዎቹ ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ ብሪታንያዊት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ጉልበቷ ተቀደደ። ነጥቦቿ በየሳምንቱ አንድ በአንድ ረገፉ። ተመልሳ መጥታ ዓመታት ተጫወተች፣ ዛሬ ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑ ካፒቴን ናት። ግራንድ ስላም አላሸነፈችም። «አልተሳካላትም» የሚል ሰው ካለ የሱን 48 ያሳየኝ።

ለእናንተ ለስልክ ትውልድ ደግሞ ሌላዋ ብሪታንያዊት ተጫዋች ናዎሚ ብሮዲ አለች። 2007 ላይ የ17 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ቤቦ በሚባል የዚያ ዘመን ማኅበራዊ ገጽ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ስትዝናና በለጠፈችው ፎቶ የተነሣ የአገሪቱ ቴኒስ ማኅበር ድጎማዋን አቋረጠባት። ለኔ ቅጣቱ ከጥፋቱ በዛ። በ17 ዓመት ያልተሞኘ ማን አለ? እኔ ያመለጥኩት ያኔ ካሜራ ውድ ስለነበረ ነው። ያም ሆኖ ገንዘቡ ቆመ። ልጅቷ ግን አላቆመችም፤ 2014 ዊምብልደን ላይ ቲሜያ ባቦሽን ረታች፣ 2016 ላይ 76ኛ ደረሰች። ቤቦ ራሱ ከናዎሚ ቀድሞ ከገበያ ወጣ። ብትለጥፉም ባትለጥፉም የናንተ ጉዳይ ነው፣ ብቻ ገንዘብ የሚሰጣችሁ ሰው እያየ መሆኑን እወቁ።

ስለ ሕመሙ መጻፍ ያስፈራኛል። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲገኝ ሰው ወዲያው ከሥሩ ሙዚቃ አስገብቶ «ሰበብ አታብዛ» የሚል ቪዲዮ ያደርገዋል። እባካችሁ አታድርጉት። ኤሌና ዝም ብላ ሥራዋን ሠራች። ሕመሟ በየሽንፈቱ ምክንያት ሊሆናት ይችል ነበር። ግን ደግሞ ከሐኪም ተደብቃ አልተጫወተችም፤ እየተመረመረች፣ እየተከታተለች ነው። እኔ ልዩነቱ ያልገባኝ ሰው ነበርኩ። እዚህ አገር ጥር መጨረሻ የግብር ማስገቢያ ቀነ ገደብ ነው፤ ያን ወር ሒሳብ ሠራተኛ አይተኛም። አንድ ጥር ላይ ራሴን ለሦስት ሳምንት እየመታኝ ኪኒን እየዋጥኩ ስሠራ መጸዳጃ ቤት ወለል ላይ ተገኘሁ። ግፊት ነው። ጀግንነት መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ሆስፒታል መጥታ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። ዝም ብሎ መሥራት አንድ ነገር ነው፣ ዝም ብሎ መታመም ሌላ ነው። ተመርመሩ።

ኤሌና ለብሔራዊ ቡድኑ 11 ዓመት ተጫውታለች። አውስትራሊያ ኦፕን ላይ ሁለት ጊዜ ሦስተኛ ዙር ደርሳለች፣ 2005 እና 2010። 2012 ኦሊምፒኩ ለንደን ሲመጣ፣ ቴኒሱ ዊምብልደን ሣር ላይ ስለነበር፣ እዚያው ሳህን እሰበስብበት የነበረው ግቢ ውስጥ ለአገሯ ተሰለፈች። አንድ አሸነፈች፣ ቀጥላ በአና ኢቫኖቪች ተሸነፈች።

እኔን ግን ከሁሉም የነካኝ ሌላ ነው። እዚያው በ2010፣ አርባ ዘጠነኛ በሆነችበት ዓመት፣ ኢፕስዊች ውስጥ የልጆች ቴኒስ ትምህርት ቤት ከፈተች። ከአሰልጣኟ ከኒኖ ሴቬሪኖ ጋር ሆና። እዚህ አገር ቴኒስ የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው፤ እነሱ የያዙት ደግሞ መክፈል የማይችለውን ቤተሰብ ልጅ ጭምር ነው። ጡረታ እስክትወጣ አልጠበቀችም። ቀዳዳ እንስራዋን እየሞላች፣ በየሳምንቱ ትኬት እየቀየረች፣ በዚያ ላይ ልጆች። አንደኛ ስሆን አስተምራለሁ አላለችም። 49ኛ የሆነ ሰው ስለ ኳስ የሚያውቀው ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከበቂ በላይ ነው።

2013 ኅዳር ላይ ራኬቷን ሰቀለች። ታኅሣሥ ላይ ከኒኖ ጋር ተጋቡ። ጥር ላይ የጉበት ካንሰር ተገኘባት። ግንቦት 4 ቀን 2014 አረፈች። 30 ዓመቷ ነበር።

በቀጣዩ ወር ለንደን ኩዊንስ ክለብ ውስጥ ለትምህርት ቤቷና ለካንሰር ሕሙማን መርጃ የሚሆን ጨዋታ ተዘጋጀ። ሜዳ ከገቡት አንዲ መሪና ማርቲና ናቭራቲሎቫ ይገኙበታል። ከዓለም ትልልቆቹ ለአርባ ዘጠነኛዋ መጡ።

እንግዲህ ልጄ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁም። ለምን አለቃ አልሆንክም አልሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከእኔ የተሻለ ሰው ነበረ። ያ ያሠለጠንኩት ልጅ ሰው መምራት ይችላል፣ እኔ ቁጥር መምራት እችላለሁ። ይህን ለማመን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ አስቢው፣ ሁለት ዓመት። ሐዘን አልነበረም፣ ስሌት መሳሳት ነው። የራሴን ደረጃ በሌላ ሰው ሰንጠረዥ ላይ ነበር የምፈልገው።

ያን መስከረም ከሰንጠረዡ በኋላ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ትልቅ ነገር የለም። መጀመሪያ ለአለቃዬ ልጅ ሲወለድ ያልላክሁትን ካርድ ላክሁ፤ ልጁ ዓመት ከስድስት ወር ሆኖት ነበር፣ ሳቀብኝ። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጠረጴዛ ይዤ ለሐበሻ ታክሲ ነጂዎችና ለትንንሽ ምግብ ቤቶች ደረሰኝ መደርደር ጀመርኩ። በነጻ። መጀመሪያ የመጡት አንዲት እናት የዓመቱን ደረሰኝ በበርበሬ ጣሳ አድርገው ነው ያመጡት። እያስነጠሰኝ ደመርኩ። እስከ ዛሬ የዚያን ዓመት ፋይል ስከፍት ያስነጥሰኛል። ደረጃዬን ካላወቅሽ እንግዲህ ይሄ ነው።

የሙያ ፈተናሽ የፊታችን ወር እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሁለት ጊዜ ወድቀሽ እንደነበረም ሰምቻለሁ፤ እኔ ሦስት ጊዜ ነው የወደቅሁት፣ ለማንም አትንገሪ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ነይ። አንድ ሹፌር የሦስት ዓመት ደረሰኝ በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ የመኪና ወጪ አያያዝ ላይ እንደምትደነቃቀፊ አውቃለሁና እሱን አንቺ ትሠሪዋለሽ። ኬክ የለም። ሻይ አለ።